ገበር ያልገባለት ኮት

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ሲወርዱ በቀኝ በኩል ከተደረደሩት ጠባብ ሱቆች በአንደኛው ፀሐዬ የሚባል ወጣት ልብስ ሰፊ ይሠራ ነበር። ልብስ ሰፊ ይባል እንጂ አዲስ ልብስ የሚያሰፋው ሰው አልነበረም። ሥራው ኮት መገልበጥ ነው። ፊቱ በፀሐይ የነጣ፣ ክርኑ የሳሳ፣ ኮሌታው በላብ የጠቆረ ኮት ይመጣለታል። እሱም ስፌቱን ይተረትርና ጨርቁን ይገለብጣል፤ ለዓመታት ከገበሩ ሥር ተደብቆ ቀለሙን ሳይለቅ የቆየውን የውስጥ ፊት ወደ ውጭ አውጥቶ መልሶ ይሰፋዋል። አሮጌው ፊት ወደ ውስጥ ይገባል፣ ገበር ይሰፋበታል፣ ከዚያ በኋላ ዓይን አያየውም።

የተገለበጠ ኮት የሚታወቀው በደረት ኪሱ ነው። ጨርቁ ሲዞር ኪሱም ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ሌሎች ሰፊዎች እንዲሁ ይተዉታል፤ የአራዳ ልጅም ቀኝ ኪስ ሲያይ ሣቁን አይችልም። ፀሐዬ ግን ከዚያው ከጨርቁ ጠርዝ ክር መዝዞ የቀኙን ኪስ አፍ ይደፍነዋል፤ በግራ በኩልም ሌላ ይከፍታል። የተደፈነውን ቦታ ዓይን ቀርቶ ጣት አያገኘውም። ይህን ያስተማሩት አባቱ ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሶ ነበርና ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ ወንበር ተቀመጠ። ታላቅ እህቱ የሺዓለም ስፌት እየተረተረች፣ ቁልፍ እየተከለች አብራው ትሠራለች።

ጥሩ ሥራ ራሱ ገበያ ይጠራል ይባላል። በዚህ ሥራ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሥራው ባማረ ቁጥር ማንም አያውቀውም። ደስ ያለው ደንበኛ ወጥቶ «ኮቴን አስገለበጥሁ» ብሎ ለማን ይነግራል? ደንበኞቹ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎችና አስተማሪዎች ነበሩ። ኮታቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ መንገዱ ጭር ሲል ይገባሉ። አንድ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ተገጣጠሙ። አንዱ ሰዓት ጠየቀ፣ ሌላው የጠጉር አስተካካዩን ቤት ጠየቀ፣ ሁለቱም ጥቅልላቸውን እንደያዙ ሄዱ።

ለፀሐዬ ይህ ዝምታ ተስማምቶት ነበር። እሱ ራሱ ከሰው ፊት ሲቆም ቃል የሚጠፋበት ሰው ነው። ዋጋ ሲጠየቅ እንኳ ዓይኑን መቀሱ ላይ አድርጎ ነው የሚመልሰው።

ያ ክረምት ግን ክፉ ሆነ። ከባሕር ማዶ በቦንዳ እየታሰረ የሚመጣው ያገለገለ ልብስ፣ ሳልባጁ፣ መርካቶን ሞላው። ፒያሳም ትልልቆቹ ሱቆች ተሰፍቶ ያለቀ ኮት በመስተዋት ውስጥ መስቀል ጀመሩ። በጋዜጣ ተጠቅልሎ የሚመጣው ኮት እየቀነሰ ሄደ። በዚሁ መካከል የሱቁ ባለቤት ወይዘሮ ሙሉእመቤት መጡና ራዲዮ የሚሸጥ ሰው ክፍሉን በተሻለ ኪራይ እንደሚፈልገው ነገሩት።

«አባትህን አውቃቸዋለሁ፤ ልጃቸውን ከሜዳ አልጥልም» አሉት። «ግን ልጄ፣ እኔም የማሳድጋቸው አሉኝ። ከመስከረም ጀምሮ እሱ ያለውን መስጠት ከቻልህ ቤቱ የአንተ ነው።»

«እሺ» አለ ፀሐዬ። እሺ ማለት ይቀለው ነበር።

ክፍሉን ካጣ መሄጃው አይጠፋም። ከትልልቆቹ ሰፊዎች በአንዱ ቤት ተቀጥሮ ሱሪ ሲያሳጥር ይውላል። ነገር ግን የአባቱ መቀስ የሚሰቀልበት ምስማር ያለው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። ስፋቱ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ቢሆንም አባቱ የተዉለት እሱን ብቻ ነው።

«ሰው መኖራችንን አያውቅም» አለች የሺዓለም በማግስቱ፤ ከጉልበቷ ላይ ክር እያራገፈች። «ማሳወቅ አለብን።»

በዚያ ሰዓት ጎረቤታቸው ፈቀደ ደንበኛ ስላልነበረው ወንበር ስቦ ተቀምጦ ነበር። ፈቀደ ጠጉር አስተካካይ ነው፤ ከመቀሱ ይልቅ አፉ የሚፈጥን የአራዳ ሰው።

«ጋዜጣ ላይ አውጡት» አለ።

ፀሐዬ ጋዜጣውን አስቀድሞ ጠይቆ ነበር፤ ሄዶ ሳይሆን በደንበኛ በኩል። ለአንድ ቀን፣ ለአንዲት ጥግ፣ የአራት ኮት ዋጋ ነው የጠየቁት።

«አራት ኮት ሠርተን ለጋዜጣው ሰጥተን አምስተኛው ካልመጣስ?» አለች የሺዓለም።

«እንግዲያው ሲኒማ። ፊልሙ ሳይጀመር ሸራው ላይ ማስታወቂያ ያሳያሉ። አዳራሹ ሙሉ ሰው ያየዋል።»

«አየህ አንተ ሞኝ! ሰውየው ከሚስቱ ጎን ተቀምጦ ‹ያረጀ ኮትዎን እንገለብጣለን› የሚል ሲያይ ቀና ብሎ ያነባል? ክርኑን ነው የሚሸፍነው!»

«ድምፅ ማጉያ የጫነችውን መኪና እንከራይልሃ!» ፈቀደ ተነሥቶ እጁን ከአፉ ላይ እንደ መለከት አደረገ። «እርስዎ! አዎ፣ እርስዎ ባርኔጣ ያደረጉት! ኮትዎ ነጥቷል! ከኋላ ሲታይማ ባሰበት!»

የሺዓለም ከሣቋ የተነሣ መርፌዋን ጣለች። ፀሐዬም ሣቀ። ሣቁ ሳያልቅ በሩ ላይ ሰው ቆመ።

ጋሼ አጥናፉ ነበሩ። አምስት ኪሎ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የመዝገብ ቤት ሹም ናቸው፤ የሰፈሩ እድርም ሰብሳቢ። የአባቱ ወዳጅ ነበሩ። አባቱ ሞተው ገና አርባቸው ሳይወጣ፣ ማንም ኮቱን ለልጅ እጅ አምኖ በማይሰጥበት ጊዜ፣ የመጀመሪያውን ሱሪ ያመጡለት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ክረምቱ እያለ በሹራብ ነው የመጡት፤ ብብታቸው ሥር የጋዜጣ ጥቅልል አለ።

ፈቀደ ነገሩ ገብቶት «ደንበኛ መጣብኝ» ብሎ ወጣ። ጥቅልሉ ተፈታ። ቡናማ ኮት ነው፤ ቀጭን ቀይ መስመር አለው። ጋሼ አጥናፉ ከነጻነት ወዲህ ከዚህ ኮት ሌላ ለብሰው አልታዩም። ግራ ደረቱ ላይ እንደ ሽምብራ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ነበሩበት።

«ይህ የፋሲካው ነው» አሉ ቀዳዳዎቹን እየነኩ። «ጊዮርጊስ ሌሊቱን ቆመን ሳለ የአንዲት ሴት ጧፍ ነው ያያያዘኝ። ቀዳዳው ተደፍኖ ይሞታል?»

«ይሞታል፣ ጋሼ።»

«ለቅዳሜስ ይደርሳል? እሑድ ሽማግሌ ሆነን ለወዳጄ ልጅ ሚስት ልንለምን እንሄዳለን። የልጅቱ አባት ሰውን ከጫማው ጀምሮ ነው የሚያየው ይሉኛል።» ሣቁና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ይህ ነገር እኔና እናንተ ጋ ይቅር። ለባለቤቴም ላውንደሪ ሰጠሁት ነው ያልኋት።»

እሳቸው ከወጡ በኋላ የሺዓለም መተርተሪያውን አስቀመጠች።

«ሰማህ? ሁሉም ለሚስቱ የሚላት ይህንኑ ነው። ላውንደሪ! ታዲያ ማን ነው የከተማውን ኮት ሁሉ የሚያየው? እሪ በከንቱ ሰፈር መግቢያ ላይ ላውንደሪ ያለው ሽኩር ነው። የትኛው እንደሳሳ፣ የትኛው እንደነጣ ከባለቤቱ ይልቅ እሱ ያውቃል። ለባለኮቱ በጆሮው አንዲት ቃል ቢነግርልን፣ ከመጣው ኮት ላይ ለእሱ ትንሽ እናነሣለታለን። ካልመጣ አንከፍልም። ጋዜጣው ሰው መጣም አልመጣም ይበላናል፤ ሽኩር ግን ካመጣ ብቻ ነው የሚበላው።»

ፀሐዬ ሐሳቡ ትክክል መሆኑ ወዲያው ገባው። ደስ ያላለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሄዶ መናገር ያስፈልጋል።

«አንተ ሂድ» አለች እህቱ። «ከአባባ ወዲህ ሱቁ የሚጠራው ባንተ ስም ነው። ከወንድ ጋር ወንድ ይነጋገር።»

ሄደ። በመንገድ ላይ የሚናገረውን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አዘጋጀ። ሽኩር ቤት ሲደርስ ባንኮኒው ፊት ሰዎች ተሰልፈዋል። ተራው እስኪደርስ የተዘጋጀው ንግግር ከአፉ እየሸሸ ሄደ።

«ምን ልታዘዝ ወንድሜ?» አለው ሽኩር፤ እጁ ካውያው ላይ ነው።

ፀሐዬ ካውያውን አየ። «ከሰል» አለ። «ከሰሉን ከየት ነው የምትገዙት?»

ሽኩር ከየት እንደሚገዛ፣ የትኛው ነጋዴ እርጥብ እንደሚሸጥ ሁሉ በትዕግሥት ነገረው። ፀሐዬ አመስግኖ ተመለሰ። የሺዓለም ይህን ስትሰማ እስክታለቅስ ሣቀች፤ ወዲያው ግን ፊቱን አይታ ሣቋን ዋጠች። «ተወው፣ ነገ እኔ እሄዳለሁ» አለችው። ነገር ግን በዚያው ምሽት ከፍቼ ከተማ የአክስታቸው መርዶ መጣ። ጠዋት፣ ወንድሟን ለኮቱ ሥራ ትታ፣ በአውቶቡስ ወደ ልቅሶው ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ «ስመለስ አነጋግረዋለሁ። እስከዚያ ምንም አታድርግ» አለችው።

«እሺ፣ እትዬ» አለ።

ረቡዕ ዕለት የጋሼ አጥናፉ ኮት ተገልብጦ ቆመ። ቀዳዳዎቹ ሞተዋል፣ ኪሱ ወደ ግራው ተመልሷል፣ እጅጌው ገብቷል። የቀረው ገበሩ ብቻ ነበር። ፀሐዬ ኮቱን መስቀያ ላይ አድርጎ ሲያየው አባቱ ቢኖሩ ብሎ ተመኘ። እንዲህ ያለ ሥራ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም። ፈቀደ የሳሙና አረፋ ከጣቱ ሳይጠርግ ገባና ከደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ያ ነው? ያ አሮጌው?»

«አዎ።»

«አላምንህም!»

ፀሐዬ መልስ ከመስጠት ይልቅ የኮቱን የቀኝ ደረት ገለጠለት። ከውስጥ የነጣው ፊት፣ የጧፉ ቀዳዳ ጠርዝ፣ የቀለም ጠብታ ሁሉ ይታያል። በግራ በኩል ደግሞ ቡናማው ገና ከተሸመነበት እንደወጣ ያበራል።

«ይህን እኮ ነው ሰው ማየት ያለበት!» አለ ፈቀደ። «ገበር ከገባበት በኋላማ ምን ዋጋ አለው? አዲስ ኮት ሰቀለ ነው የሚሉህ። አሁን እንዳለ፣ አንዱን ጎን እንዲህ ገልጠህ በመርፌ ያዘውና ወደ መንገዱ በሚያሳየው መስተዋት ላይ ስቀለው። ጋዜጣ አልከፈልህ፣ ሲኒማ አልከፈልህ። አንዲት ቃል እንኳ መናገር የለብህም፤ ኮቱ ይናገርልሃል።»

«የሰው ኮት ነው።»

«ስማቸው ተጽፎበታል?»

አልተጻፈበትም። ፀሐዬ ኮቱን እንደገና አየው። ከሁሉም ይልቅ ልቡን የገዛው «አንዲት ቃል እንኳ መናገር የለብህም» የሚለው ነበር።

ቢሆንም ሳይጠይቅ ሊያደርገው አልወደደም። ጋሼ አጥናፉ ከሥራ ወደ ቤት የሚመለሱበትን ሰዓት ጠብቆ መንገድ ላይ ቆመ። እሳቸውም ገና ከሩቅ አይተውት ባርኔጣቸውን አነሡ። ስለ አክስቱ አጽናኑት፤ የሺዓለም መቼ እንደምትመለስ ጠየቁት። ከዚያ ዓይናቸውን ጠቀስ አድርገው «የኛ ነገርስ እንዴት ነው?» አሉት።

ጥያቄው ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። «ጋሼ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ሰው እንዲያየው ባደርግስ» የሚል ነው። ረጅም አይደለም።

«ደህና ነው፣ ጋሼ» አለ። «ይደርሳል።»

ማታውን ወረቀት ቆርጦ በንጹሕ ጽሕፈት እንዲህ ጻፈ፦ «አሮጌውን ፊት ይመልከቱ። አዲሱንም ይመልከቱ። ሁለቱም አንድ ኮት ነው።» ፊደል እንዳይሳሳት ደጋግሞ አነበበው። ነገ እስከ ምሳ ብቻ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ገበሩን እሰፋለሁ፣ ሰው የሌለበት ኮት ጨርቅ ነው፣ እያለ ራሱን አሳመነ።

ሐሙስ ጠዋት ኮቱ ተሰቀለ። መጀመሪያ አንድ ሰው ቆመ። ቀጥሎ ከጊዮርጊስ የሚመለሱ ሰዎች ቆሙ። ሳይቆይ መንገደኛው ለማለፍ ወደ አስፋልቱ መውረድ ጀመረ። ፀሐዬ ከመስተዋቱ ኋላ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ የሚሰፋ ይመስላል፤ መርፌው ግን ክር አልገባበትም ነበር። አንድ ረጅም ሰው አንገቱን በበሩ አስገብቶ ዋጋ ጠየቀ። ሌላው ሱሪም ይገለበጥ እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ ስትመለስ የምትለውን አሰበ። ክፍሉ አይወሰድም ብሎ አሰበ።

በዚህ ጊዜ ነጠላ ያጣፋች አንዲት ሴት ወደ መስተዋቱ ቀረበች። የጧፉን ቀዳዳ አየች። አጎንብሳም እንደገና አየችው።

«ውይ! ይኼማ የጋሼ አጥናፉ ኮት ነው!» አለች በደስታ። «እኔ አይደለሁ በነጠላዬ አፍኜ ያጠፋሁት? እንዴ! ፋሲካ ሌሊት!»

ክፋት አልነበረባትም። የጠፋ ዘመድ ያገኘች ነበር የምትመስለው።

«የእድሩ ጋሼ አጥናፉ?»

«ከእሳቸው ሌላ ባለ ቀይ መስመር ማን ለብሶ ያውቃል!»

«ለዚህ ነዋ ከሰኞ ጀምሮ በሹራብ የሚሄዱት!»

«እኔ ደግሞ ላውንደሪ ነው ሲሉ ሰምቼ!»

ሣቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ። ያን ጊዜ ፀሐዬ የሠራው ስሕተት ገባው። በዚህ ከተማ ሰው አንድ ኮት ነው ያለው፤ ያንንም ከዓመት ዓመት ይለብሰዋል። ጋሼ አጥናፉ ከዳገቱ ጫፍ ብቅ ሲሉ ገና ፊታቸው ሳይለይ በኮታቸው ነው ሰው የሚያውቃቸው። ስማቸውስ ሊጻፍበት ለምን ያስፈልጋል? እሱ የሰቀለው ሰውየውን ነበር፤ ያውም ገልጦ።

ኮቱን ለማውረድ ወደ መስተዋቱ መቅረብ ነበረበት። ያን ያህል ሰው ወደሚያይበት መሄድ ነው። ከወንበሩ አልተነሣም። ሰዉ ቢበተን ብሎ ጠበቀ። ሰዉ አልተበተነም፤ የምሳ ሰዓት ደረሰና ከመሥሪያ ቤት የወጡትም ጨመሩበት። ከእነሱም ጋር፣ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻቸው መካከል፣ ጋሼ አጥናፉ በሹራብ መጡ።

«ጋሼ አጥናፉ!» አለ ከሕዝቡ አንዱ። «ኧረ ይምጡ፣ ግማሽዎ እዚህ ቀርቷል!»

ሣቁ መንገዱን ሞላው። ባልደረቦቻቸው መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ከዚያ ገባቸው፤ አንደኛው አፉን በመዳፉ ያዘ። ጋሼ አጥናፉ ቆመው ኮቱን አዩት። ወደ ፀሐዬ አላዩም። ከዚያ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ «እግዜር ይስጥልን» አሉ፤ ፈገግ ብለውም ቁልቁል ሄዱ። አካሄዳቸው እንደ ወትሮው ነበር፤ አልቸኮሉም።

ፀሐዬ ያን ጊዜ ተነሣ። ኮቱን አወረደ። ሰዉም ያጨበጭብለት ጀመር።

ገበሩን በዚያው ቀን ሰፋው። አርብ ጠበቀ፣ ቅዳሜ ጠበቀ፤ ኮቱን ሊወስድ የመጣ የለም። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲሄዱ ጋሼ አጥናፉ አልነበሩም፤ ጉንፋን ይዟቸዋል ተባለ። በእሳቸው ቦታ ሌላ ሰው ተተካ። ዋጋ የጠየቀው ረጅም ሰው አልተመለሰም፣ ሱሪ ያለውም አልተመለሰም። ሰኞ ዕለት ጥቂት ሰዎች መስተዋቱ ፊት ቆመው «ዛሬስ ማንን ትሰቅላለህ?» እያሉ ጠየቁ። ከዚያ በፊት ኮታቸውን ሰጥተው የነበሩት ሁለት አስተማሪዎች ያልተሠራውን እንዳለ መልሰው ወሰዱ። አንደኛው ሲወጣ ጋዜጣውን እንኳ እስኪጠቀልልለት አልጠበቀም።

የሺዓለም ከፍቼ ስትመለስ ወሬውን ሱቁ ሳትደርስ፣ ከአውቶቡስ እንደወረደች ሰምታ ነበር። ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ምንም አታድርግ ብዬህ ነበር።»

«አዎ።»

«ጠይቀሃቸው ነበር?»

«ልጠይቅ ወጥቼ ነበር።»

ልትጮህበት አፏን ከፍታ ነበር፤ ተወችው። ፈቀደ በሩ ላይ መጥቶ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የሺ» አለ፤ እንደዚያን ቀን አሳጥሮ ተናግሮ አያውቅም። እሷም «ያንተ አፍ ነው፣ የሱ ደግሞ ዝምታው ነው፤ ሁለታችሁን ቀላቅሎ አንድ ደህና ሰው የሚያወጣ ቢገኝ» አለችው።

በማግስቱ ወንድሟን አስከትላ ሽኩር ዘንድ ሄደች። ሽኩር እስከ መጨረሻው ሰማት። ካውያውን አነሣና አስቀመጠ።

«እቴ፣ እኔ ጋ የሚመጣ ልብስ በኪሱ ስንት ነገር ይዞ ይመጣል» አለ። «ደብዳቤ አለ፣ የሴት መሐረብ አለ። ሁሉንም አጣጥፌ መልሼ እከታለሁ፤ አላየሁም። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? ሰው የሚመጣልኝ ስለማጥብ ብቻ አይደለም፣ ወላሂ፣ ዝም ስለምል ነው። እናንተ ባለፈው ሳምንት ብትመጡ ኖሮ ዛሬ አሥር ሰው ልኬላችሁ ነበር። አሁን ‹ወደዚያ ሂዱ› ብል፣ እኔንም ‹ሊሰቅለን ነው› ይሉኛል።»

ከዚያ ፀሐዬን አየው። «አንተ የከሰሉ ልጅ አይደለህ?»

ፀሐዬ ራሱን ነቀነቀ።

«ያን ቀን ይህን ልትነግረኝ ነበር የመጣኸው?»

«አዎ» አለ። ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል።

ሽኩር ወደ ቤቱ የኋላ በር ዞር ብሎ አየ። «መስተዋት ያለበትን ቤት ተዉት» አለ በመጨረሻ። «ከኔ ቤት ኋላ አንዲት ክፍል አለች፤ መግቢያዋ በኔ በኩል ነው። ሰው ላውንደሪ የገባ ይመስላል። ከዚያ በኋላ እናያለን።»

በመስከረም ራዲዮ ሻጩ ክፍሉን ወሰደው። ፀሐዬ የአባቱን መቀስ አወረደ። ምስማሩንም ሊነቅለው ሞክሮ ነበር፤ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ እንቢ ስላለው ተወው።

ጋሼ አጥናፉ ቤት የሄደው ከመስቀል በኋላ ነው። ብቻውን ነበር የሄደው። እሳቸው ጋቢ ደርበው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወንበር አስመጡለት። ፀሐዬ ጥቅልሉን ጭኑ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ፤ በዚህ ጊዜ ንግግር አላዘጋጀም።

«ጋሼ፣ አዋረድሁዎ» አለ። «ልጠይቅዎ ነበር። አፌ እንቢ አለኝ።»

«አውቃለሁ። ያን ቀን መንገድ ላይ የቆምኸው ለዚህ ነበር?»

«አዎ።»

ጥቅልሉን ወስደው ፈቱት። ኮቱን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩ። የጧፉ ቀዳዳ የነበረበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ፈለጉ፤ አላገኙትም።

«አባትህም እንዲህ አልሠራም» አሉ። «ግን የት እለብሰዋለሁ? ይህን ለብሼ ብወጣ ሰው ኮቱን አያይም፤ ያንን መስተዋት ነው የሚያየው። ባለቤቴም በኮቱ አልተቀየመችም፤ የተቀየመችው ላውንደሪ ነው ብዬ ስለዋሸኋት ነው።» አጣጥፈው መልሰው ጭኑ ላይ አኖሩለት። «ለሚያስፈልገው ስጠው።»

ፀሐዬ ሊነሣ ሲል እጃቸውን ትከሻው ላይ አደረጉ።

«ታውቃለህ፣ ብትጠይቀኝ ኖሮ እንቢ እልህ ነበር። ግን ሣጥን ውስጥ የሟች ወንድሜ ኮት አለ። ደብረ ማርቆስ ነው የኖረው፣ እዚያው ነው የሞተው፤ እዚህ ኮቱን የሚያውቅ አንድ ሰው የለም። እሱን ገልብጠህ እንደ ልብህ ስቀለው ብዬ እሰጥህ ነበር።» ትከሻውን ለቀቁት። «አንዲት ቃል ነበረች፣ ልጄ።»

ፀሐዬ እጅ ነሥቶ ወጣ። ከዚያ በኋላም መንገድ ላይ ሲገናኙ ጋሼ አጥናፉ እንደ ወትሮው ባርኔጣቸውን ያነሡለታል፤ ስለ የሺዓለም ይጠይቁታል። ሥራ ግን አላመጡለትም። እሱም የሰላምታቸውን ደግነት መቻል ስላቃተው ብዙ ጊዜ በሌላ መንገድ ይዞራል።

ኮቱን ለሚያስፈልገው መስጠትም አልቻለም። ለአንድ ዘበኛ ሊሰጠው ቢያወጣው ሰውየው ቀዩን መስመር አይቶ «ይኼ የጋሼ አጥናፉ አይደለም?» አለና እጁን ሰበሰበ። በፒያሳ ይህን ኮት ለብሶ የሚወጣ ሰው አይገኝም። ስለዚህ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከጠረጴዛው ሥር ባለ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ሥራው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሽኩር ሲያምነው በሳምንት አንድ ሰው፣ ኋላም ሁለት ይልክ ጀመር። ሰዎቹ በላውንደሪው በኩል ገብተው፣ በእንፋሎቱ መካከል አልፈው፣ መስኮት ወደሌላት ክፍል ይመጣሉ። የእንጀራ ነገር ተቃለለ። የሺዓለም አሁንም ትቀልዳለች፤ ፈቀደም አልፎ አልፎ ሊጠይቃቸው ይመጣል፣ የኮት ነገር ግን አያነሣም።

አንድ ቀን ሽኩር የላከው ወጣት ጸሐፊ መጣ። ኮቱን ከጥቅልሉ ሳያወጣ በብብቱ እንደያዘ ቆመ።

«ሽኩር ሥራህን አመስግኖልኝ ነው የመጣሁት» አለ። «ግን ይቅርታ፣ አንዲት ኮት ናት ያለችኝ። ከመስጠቴ በፊት የሠራኸውን አንድ ነገር ብታሳየኝ? ምን እንደሚመስል ልየው።»

የሺዓለም መተርተሯን አቆመች። ፀሐዬ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ሣጥን በእግሩ ነካ። በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለውን የሚያህል ሥራ በከተማው አልነበረም።

«የለኝም» አለ። ከዚያም ቀና ብሎ የወጣቱን ፊት እያየ፣ ቃሉን ሳይውጥ፣ «የምሠራው ሁሉ የባለቤቱ ነው፤ አላሳይም። ያንተንም ለማንም አላሳይም» አለው።

ወጣቱ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ጥቅልሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።